አያ ሁለቴ ሕጉን የሰበረ ለት

አያ አወቀን አዘዞ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። «አያ ሁለቴ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ የትነበርሽ ናት። ሱሪውን በቀበቶ ካሰረ በኋላ ከውስጥ ደግሞ በሲባጎ የሚያጠብቅ፣ የቤቱን ቁልፍ አንዱን ኪሱ ከትቶ ሌላውን ጎረቤት የሚያስቀምጥ፣ መብራት ሳይጠፋ ሁለት የእጅ ባትሪ ከራስጌው የሚያኖር ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለታል? «እኔን ብቻ እንዴት አንድ አድርጎ እንዳስቻለው እንጃ» እያለች ሰፈሩን በሳቅ ትገድለው ነበር። እሱ ግን አይስቅም። ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

እኔ ፀደይ እባላለሁ። ከአያ አወቀ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እሱ ጠላቂ ነው፤ ጀርባው ላይ የአየር ሲሊንደር አዝሎ ውሃ ውስጥ የሚገባ። ጠላቂ ሲገባ ወገቡ ላይ የሚታሰረውን ገመድ ዳር ሆኖ የሚይዝ ሰው ያስፈልገዋል፤ ገመድ ያዧ እኔ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ስማቸው ደግሞ ሁለተኛው ጠላቂ ነበር። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ስለ አያ አወቀ የሚወራው ሁሉ ስላናደደኝ ነው። ግማሹ ሰው ጻድቅ ያደርገዋል፣ ግማሹ ነፍሰ ገዳይ። ሁለቱም ወገን ያን ቀን ውሃው ዳር አልነበረም።

ትውልዱ ወገራ ነው። ክረምት ካልሆነ በቀር ከጉልበት የሚያልፍ ውሃ የሌለበት አገር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወታደር ልሁን ብሎ ጎንደር ሲወርድ የባሕር ኃይል ምልመላ ላይ ደረሰ። ባሕር ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ፈረመ። ምጽዋ ወስደው መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ከመርከብ ሥር ገብቶ መሥራት አስተማሩት። እዚያ አንድ ጓደኛው ሞተበት። ከመርከብ ሆድ ሥር እየሠራ ሳለ መብራቱ ጠፋ፤ ሌላ መብራት አልያዘም ነበር፤ መውጫውን በዳበሳ ሲፈልግ አየሩ አለቀበት። አያ አወቀ ይህን ሲያወራ የሟቹን ስም አይጠራም። መብራቱ ምን ዓይነት እንደነበረ፣ ባትሪው ስንት ጊዜ እንዳገለገለ ግን አንድ በአንድ ይናገራል።

መንግሥት ሲለወጥ ባሕር ኃይሉ ተበተነና አገሩ ተመለሰ። ባሕር ሥር ሆኖ መተንፈስ ይቻላል ብሎ ሲያወራ ወገሬው የጦርነት ድንጋጤ ነው አለው። ተናዶ አዘዞ ወረደ፤ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረ። ኋላ አንድ የውሃ ፕሮጀክት ከግድብ ሥር የውሃ መግቢያውን ወንፊት የሚያጸዳለት ሰው ሲያጣ፣ «ያንን ስለ ባሕር የሚያወራ ዘበኛ ለምን አትጠሩትም?» ያለ ሰው ተገኘ። እኔ ያኔ የፕሮጀክቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ዕቃው ለእሱ ተተወለት። አራት ሲሊንደር፣ ሁለት ሙሉ ልብስ፣ እንደ ወፍጮ የሚጮህ አየር መሙያ ኮምፕሬሰር። ከዚያ ወዲህ በወንዝም በግድብም ሰው ሲሰጥም የሚጠራው እሱ ሆነ። ለጥምቀትም ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ለብሶ ይቆማል። ሰው እየዘለለ ሲገባ እሱ ይቆጥራል፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ። ጸበሉን እንኳ አይረጭም፤ «እጄ ሥራ ላይ ነው» ይላል።

ስማቸው ከማራኪ ፒያሳ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እኔ ነኝ ወደዚህ ሥራ ያመጣሁት። አያ አወቀ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ቆሎ ተማሪ አስቀጸለው። ሕጉ ብዙ ነው። አንድ ሰው ሲገባ ሌላው ሙሉ ለብሶ፣ ሙሉ ሲሊንደር አዝሎ ዳር ይቀመጣል፤ ሻይ አይጠጣም፣ ስልክ አያነሳም፣ የገባው ቢቸገር በአንድ ቃል ዘሎ ይገባል። ከእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት መተንፈሻ ይወጣል፤ አንዱ ለራስ አፍ፣ ሌላው አየር ላለቀበት ሰው። ቢላውም ሁለት ነው፣ መብራቱም ሁለት። አየሩን ደግሞ በሐሳቡ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ሲሶው መሄጃ ነው፣ ሲሶው መመለሻ፤ የቀረችውን ሲሶ «የእኛ አይደለችም» ይላል፣ አትነካም። ገመዱ ከታች አንዴ ሲሳብ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ሦስቴ ሲሳብ ድረሱልኝ።

«አያ አወቀ፣ አንተ እኮ ሁለት ነፍስ ቢሰጥህ አንዷን ጎረቤት ታስቀምጣት ነበር» አለው ስማቸው አንድ ቀን።

አያ አወቀ የምር አሰበበት። «ይሻል ነበር» አለው።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ አስከሬን አወጣን። ከእኛ አንድ ሰው ጣቱ አልተቧጨረም። ሰው ግን ይህን አይቆጥርም። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ገመድ ሲለካ፣ ቱቦ ሲፈተሽ፣ ዕቃ ሲቆጠር ሲያይ ደሙ ይፈላል፤ ስንቴ ድንጋይ ተወርውሮብናል። ስለዚህ ሌላው ሕጉ ለቅሶኛውን ከውሃው ሃምሳ እርምጃ ማራቅ ነበር። ገመድ ይወጥራል፣ የቀበሌ ሚሊሻ ያቆማል። ያዘነ ሰው ውሃ ዳር መቆም የለበትም ይላል።

ያለፈው ዓመት መጋቢት፣ ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ፣ ከዳባት ወዲያ ለመስኖ ከተሠራ አንድ ግድብ ተጠራን። ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአርባ ዓመት ገበሬ፣ ዳር ላይ ጭቃ የዋጠው በሬውን ሊያወጣ ገብቶ አብሮ ሰጥሟል። ገመዱ ከእጁ እንዳያመልጥ ክንዱ ላይ ጠምጥሞት ነበር፤ በሬው ተንሸራትቶ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ይዞት ወረደ። እኛ ስንደርስ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የደጋ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ አስከሬን ቶሎ አይንሳፈፍም።

ግድቡ ሲሞላ አንድ ሰፈር ውጦ ነው የተኛው። ከሥሩ የሰው ግቢ አለ፤ የድንጋይ ካብ፣ የቤት ምሰሶ፣ ሳይነሳ የቀረ የባሕር ዛፍ ግንድ። ውሃው ሻይ ይመስላል፤ ክንዱን የዘረጋ ሰው መዳፉ አይታየውም። ጠዋት መጀመሪያ ስማቸው ገባ፤ አላገኘም። ቀጥሎ አያ አወቀ ገባ፤ እሱም አላገኘም። ሲወጣ አፍንጫው ይደማል። «ለዛሬ በቃኝ። ደጋ ላይ መግባት ምጽዋ እንደመግባት አይደለም፤ ሁለቴ ከገባሁ ራሴን አላምነውም» ብሎ ተቀመጠ። ከሰዓት ስማቸው ሦስተኛውን ሲሊንደር ይዞ ሲገባ እሱ አራተኛውን አዝሎ ዳር ጠበቀ። በዚህኛው ወልደ ዮሐንስ ተገኘ። አሥራ አራት ሜትር ላይ ነው። በአንድ በኩል ክንዱ ከበሬው ጋር ታስሯል፣ በሌላ በኩል ገመዱ በግንዶቹ መካከል ተወሳስቧል። ስማቸው ቆርጦ ሳይጨርስ አየሩ ሲሶ ላይ ደረሰ፤ እንደታዘዘው ትቶት ወጣ።

አያ አወቀ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ሁለቱ ሲሊንደር ጠዋት ሠርተዋል፤ ከሙሉው ጋር እንዳይምታቱም እንደ ልማዱ የተረፋቸውን አስተንፍሶ ባዶ አድርጓቸዋል፤ ሦስተኛው ሲሶ ቀርቶታል፤ ሙሉው አንድ ብቻ ነው። ለሚገባው ሰው ቢሆን፣ ዳር ለሚጠብቀው የለም። ኮምፕሬሰሩ አዘዞ ነው። ሞልተን ነገ ጠዋት እንመለሳለን አለ።

ያን ሰሞን ግን በጸጥታው ሰበብ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋ ነበር። አንዴ ከተዘጋ ሳምንትም ወርም ይቆያል። ይህን እኛም እናውቃለን፣ ለቅሶኛውም ያውቃል።

የሟቹ አባት አያ ኪዳነ ማርያም ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ዕቃ መሰብሰባችንን ሲያዩ ከወጠርነው ገመድ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉ። ከኋላቸው ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ተከተሉ። ሚሊሻው ሊያስቆማቸው አልደፈረም። ከግድቡ ዳር ድንጋይ ድንጋይ አነሱና ማጅራታቸው ላይ ጭነው፣ አያ አወቀ ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው በእኛ ዘንድ «አውርድ» እስኪባል አያወርድም፤ «አውርድ» ያለ ሰው ደግሞ የተለመነውን እሺ አለ ማለት ነው። ደም የተቃባ እንኳ እንዲህ ተለምኖ እንቢ አይልም። እኔ በዕድሜዬ እንቢ ሲባል አላየሁም።

«ልጄ፣ ልጄን አፈር አልብሰው። ሌላ አልጠይቅህም» አሉ አያ ኪዳነ ማርያም።

«አባቴ፣ ነገ ጠዋት አወጣዋለሁ። ዛሬ አየር የለኝም።»

«ነገ መንገዱ ይከፈታል?»

አያ አወቀ ገመዱን መጠቅለል ቀጠለ።

«ምነው ዝም አልክ? ዓሣ ሲበላው ልስማ? ፍትሐት ሳይደርሰው ልሙት?»

«ድንጋዩን ያውርዱት አባቴ፣ ይጎዳዎታል።»

«ገባህልኝ?»

«አልገባም።»

«እንግዲያው አላወርድም።»

ለቅሶኛው ሁሉ ገመዱን አልፎ መጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ። አያ አወቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ግማሽ ሰዓት አለፈ። የሽማግሌው አንገት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከአፋቸው ምራቅ እየወረደ ነው፣ ድንጋዩን ግን አልለቀቁም። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ይሁን እንጃ፣ ሽማግሌ ሲዋረድ ማየት አልችልም። አፌን የከፈትኩት ያኔ ነው።

«አያ አወቀ፣ ምነው እንዲህ ጨከንክ? ልጅ ብትወልድ ኖሮ እንዲህ አትጨክንም ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ሰማኝ። እሱና የትነበርሽ ሠላሳ ዓመት ልጅ ፈልገው አላገኙም። ያልሄዱበት ገዳም የለም። ይህን እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ስማቸው ከጎኔ ተነሳ። «እኔ እገባለሁ። ቦታውን አውቄዋለሁ፤ የቀረው አንድ ገመድ መቁረጥ ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም» አለ።

አያ አወቀ እሱን አላየውም፤ እኔን ነው ያየኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ «ያውርዱ አባቴ» አለ። እልልታና ለቅሶ አንድ ላይ ቀለጠ።

ስማቸው ሙሉውን ሲሊንደር አዘለ። አያ አወቀ ሲሶ የቀረውን አዝሎ ዳር ተቀመጠ። ሁለት ገመድ ነበር፤ አንዱ በስማቸው ወገብ ያለው እኔ የያዝኩት፣ ሌላው ለአስከሬኑ። ስማቸው አስከሬኑን ከገመዱ ጋር ካሰረ በኋላ ምልክት ይሰጣል፤ አያ አወቀ ብቻውን በቀስታ፣ ስንዝር በስንዝር ይስባል። እንዲህ ነበር ንግግሩ። ለቅሶኛውን አርቁልን ብንል ግን ማን ይሰማናል? ድንጋዩን ከማጅራቱ ያወረድክለትን አባት ወዲያ ሂድልኝ አትለውም። ሁሉም ውሃው አፍ ላይ ቆሟል።

ስምንት ደቂቃ ያህል ቆይቶ የአስከሬኑ ገመድ ተሳበ። አያ አወቀ መሳብ ሲጀምር አንዱ «ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። በእኛ አገር አስከሬን ሲነሳ እጁን ያላስገባ ወንድ፣ ዘመድ ነኝ ብሎ አይቀመጥም። ሃያ የሚሆን ሰው ገመዱ ላይ ተረባረበ። ከአያ አወቀ እጅ ነጥቀው ገደል የገባ በሬ እንደሚያወጣ ሰው እየጮኹ ሳቡት። «ልቀቁ! ከታች ሰው አለ! ልቀቁ!» ይላል አያ አወቀ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ማን ይስማው? ከታች የሆነ ነገር ያዝ አደረገ። ይበልጥ ሳቡ። በድንገት ለቀቀላቸውና ወልደ ዮሐንስ ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ። የሚወድቀው ወደቀ፣ የሚያለቅሰው አለቀሰ።

ወዲያው የእኔ ገመድ ሦስቴ ተሳበ። ደግሞ ሦስቴ። ብስብ አይመጣም። አያ አወቀ አፌን አይቶ ምንም ሳልለው ገባ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ከኋላዬ አስከሬኑን በጋቢ ይጠቀልላሉ፤ ቄሱ ጸሎት ጀምረዋል። እኔ አረፋውን ብቻ ነው የማየው። መጀመሪያ ሁለት ቦታ ይፈላ ነበር፣ ከዚያ አንድ ቦታ ሆነ። ከዚያ አያ አወቀ ብቻውን ወጣ።

መነጽሩን አወለቀና «ሞቶ አገኘሁት፤ አየሩ አልቆበታል» አለኝ።

ይህን ተናግሮ አፉን ሳይዘጋ ገመዱ እጄ ውስጥ አንዴ ተሳበ። አንዴ ብቻ።

«ሳበኝ! አያ አወቀ፣ ገመዱ ሳበኝ!»

«ውሃው ነው።»

«ኧረ በሚካኤል፣ ሳበኝ እኮ!»

«ፀደይ፣ ውሃው ነው አልኩሽ።»

አመንኩት። ስለ ውሃ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ጭቃው ላይ ተንከባለልኩ። ለወልደ ዮሐንስ ያለቅሱ ከነበሩት ሴቶች ግማሾቹ ወደ እኔ መጥተው ለወንድሜ አለቀሱ። አያ ኪዳነ ማርያም አጠገቤ መጥተው ቆሙ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ተመለሱ። አልተቀየምኳቸውም። የሚቀየሙበት አቅም አልነበረኝም።

መንገዱ በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ክፍት ነበር። አያ አወቀ ለብሶ ዳር የሚቀመጥለት ሰው ስለሌለ ብቻውን አልገባም፤ ከባሕር ዳር ሁለት ጠላቂዎች እስኪደርሱ ጠበቀ። እነሱ የራሳቸውን ስምንት ሙሉ ሲሊንደር ይዘው መጡ። ገመድ ከግንዱ ጋር አስረው ከዳር በሰው ጉልበት አስነሱት፤ ስማቸውም ወጣ። አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ቀበርነው። ፖሊስ ጠይቆ የሁላችንንም ቃል ጻፈ። አያ አወቀ ሞቶ አገኘሁት አለ፤ እኔም እሱ እንዳለው ነው ብዬ ፈረምኩ።

ከሳምንት በኋላ ዕቃውን ለማጠብ ግምጃ ቤቱን ከፈትኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄ የለመደው ሥራ ስለሆነ ነው። ያን ቀን አያ አወቀ አዝሎት የገባውን ሲሊንደር አነሳሁና የአየር መለኪያውን አየሁ። ሠላሳ አምስት ይላል፤ ሲሞላ ሁለት መቶ ነው። አንኳኳሁት። ቧንቧውን ከፍቼ ሰማሁት፤ ሲተነፍስ ፊቴን ነፋኝ። አየር ነበረው።

ቤቱ ሄድኩ። የትነበርሽ ገበያ ወጥታለች። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገመድ ያጠብቅ ነበር።

«ሠላሳ አምስት ነው» አልኩት።

ምኑ ነው አላለኝም። ገመዱን አስቀመጠ።

«ስደርስ በሕይወት ነበር» አለኝ። «እነዚያ ሲስቡ ገመዱ ግንዱን ጎትቶ እግሩ ላይ ጥሎታል፤ ከካቡ ጋር አጣብቆታል። ቱቦውንም ቀዶበት የራሱ አየር ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ሁለተኛውን መተንፈሻ አፉ ውስጥ ከተትኩለት፣ ተነፈሰ። አብረን ግንዱን ገፋነው። ንቅንቅ አላለም። መለኪያውን ሳይ ሠላሳ አምስት ደርሷል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መተንፈሻውን ከአፉ አወጣሁት።»

ውሃ የሚቀዱ ሴቶች በበሩ እያወሩ አለፉ። እስኪርቁ ጠበቅሁ።

«ታገለህ?»

«አልታገለኝም። እጄን ጭምቅ አድርጎ ለቀቀኝ። እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ቁጥሩን እሱም አይቶታል።»

«ገመዱ የሳበኝ እሱ ነበራ።»

«እሱ ነበር። ውሃው ነው ያልኩሽ እያወቅሁ ነው።»

ልመታው ተነሳሁ። ደግሞ ተቀመጥኩ። «ሲሊንደሩን ትተህለት በአንድ ትንፋሽ ብትወጣስ?» አልኩት። «ይቻል የለም ወይ?»

«ይቻላል። ምጽዋ ከዚያ ከሚበልጥ ጥልቀት እንወጣ ነበር። አምስት ደቂቃ የሚያህል አየር ይቀርለት ነበር። ያ ሁሉ ወንድ ዳር ቆሞ የለ? ገመድ ሰድጄ ግንዱን ባስሳብኩት ነበር። ይህ የመጣልኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ሲሊንደሩን መተው ግን እዚያው አስቤዋለሁ። ፈራሁ ፀደይ። ሌላ ምንም አይደለም፣ ፈራሁ።»

አለቀሰ። አያ አወቀ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚለቀስ የማያውቅ ሰው ነው፣ ድምፁ ያስቀይማል። ከዚያ «ለእናትሽ ንገሪ። ለስማቸው ሚስትም ንገሪ። ለፖሊስም ንገሪ። እኔ አልሸሽም» አለኝ።

ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጅ አልያዝኩም፣ በእግሬ ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው ሳሰላስል የነበረው። ይህ ሰው የሞተውን ለማውጣት ሕጉን ሰበረ፤ በሕይወት ወዳለው ወንድሜ ሲደርስ ግን ከዚያች ሲሶ የተረፈችውን የእኛ አይደለችም ብሎ ጠበቃት። ለወንድሜ የሰበረው ቢሆን ኖሮ! እያልኩ ጥርሴን ነከስኩ። ደግሞ ትንሽ ሄጄ፣ መጀመሪያ ያሰበረው ማን ነው? እላለሁ። ያ ሽማግሌ ድንጋዩን ይዞ እስኪመሽ ቢንበረከክ አያ አወቀ አይገባም ነበር። አውቀዋለሁ፣ አይገባም ነበር። ያን ሰው ከተቀመጠበት ያስነሳው ድንጋይ አይደለም፣ የእኔ ምላስ ነው። የእሱን ከተናገርኩ የራሴን መናገር አለብኝ፤ እናቴም «አንቺ ነሽ ያስገባሽው?» ብላ ትጠይቀኛለች። ለእናቴ አልነገርኩም። ለስማቸው ሚስት ለሚስጥርም አልነገርኩም።

ፋሲካ አልፎ አርባው ደረሰ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ካህናቱ ከቀደሱ በኋላ መጥተው ተቀመጡ። አያ አወቀም መጣ። ከበሩ ቀረት ብሎ ቆሞ ነበር፤ እናቴ መምጣቱን ሰማችና ሰዉን አቋርጣ ሄዳ እጁን ይዛ አመጣችው፣ ከካህናቱ አጠገብ አስቀመጠችው። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ፊቱን በእጇ ዳበሰችው።

«ልጄን ውሃ ውስጥ ጥሎት ያልሄደ ይህ ነው» አለች ለሰዉ ሁሉ። «እስትንፋሱ እያለቀበት ወርዶ የፈለገልኝ፣ ኋላም ተመልሶ አውጥቶ ለአፈር ያበቃልኝ ይህ ነው። ስማቸው ያንተም ልጅ ነበር አወቀ። እግዜር ዕድሜህን ያርዝመው። ልጄን እንዳልተውክልኝ እሱም አይተውህ።»

አያ አወቀ ከእናቴ እጅ ሥር ሆኖ ቀና አለና በድንኳኑ ውስጥ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። እንድናገር ነበር የሚጠብቀው። ካህናቱ «አሜን» አሉ። ሚስጥር ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች «አሜን» አለች። ሰዉ ሁሉ «አሜን» አለ።

እኔም አሜን አልኩ።